አዝናችሁልን ከሳይት አታስቀሩን

ለሥራ ተቋራጮች፣ ለአማካሪ ድርጅቶች፣ እንዲሁም ሕንፃና መንገድ ለሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራንና ክቡራት፤

ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። የምሠራው ሳይት ላይ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ አዲስ የተመረቀች ሴት መሐንዲስ ስትቀጥሩ የት እንደምትመድቧት።

ሴት አትቀጥሩም ብዬ አልከሳችሁም። ብዙዎቻችሁ ትቀጥራላችሁ። ነገሩ የሚበላሸው ከተቀጠረች በኋላ ነው። አብሯት የተመረቀው ልጅ ሄልሜት ተሰጥቶት ሳይት ይሄዳል። እሷ ቢሮ ውስጥ ወንበርና ኮምፒውተር ይሰጣታል። «ፀሐዩ ይከብድሻል፤ ሠራተኛውም አፉ አያርፍም፤ እዚሁ የክፍያ ሰነድ እየሠራሽ ብትቆዪ ይሻልሻል» ትባላለች። ይህን የሚላት አለቃ ብዙ ጊዜ ደግ ሰው ነው። እንደ ልጁ አይቷት ነው። እኔም ተብያለሁ፤ የተናገሩኝንም ሰው እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ። ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ የሁለቱ ተመራቂዎች መንገድ ይለያያል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ልዩነቱ በምንም አይሞላም።

ለምን እንደማይሞላ ላሳያችሁ።

ከግድግዳ ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ በረንዳ እንውሰድ። ዋናው ፌሮ (አርማታው ውስጥ የሚገባው ብረት) መተኛት ያለበት ከላይ በኩል ነው። በረንዳው ሲጫን የሚሳበው የላይኛው ፊቱ ስለሆነ። ይህን ሁላችንም ክፍል ውስጥ ተምረናል። ድሮዊንጉ ላይም ተሥሏል። አርማታ የሚሞላበት ቀን ግን ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ይመጣል። ባሬላ የተሸከሙ ሰዎች ይመላለሳሉ። የሚራመዱት ፌሮው ላይ ነው። ፌሮውን ከፍ አድርጎ የያዘው ቼር ይጣመማል። ከላይ የነበረው ብረት እየተረገጠ ወደ ታች ይወርዳል። ያኔ ያስተዋለ ሰው ከሌለ አርማታው ይሸፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያየው የለም። በረንዳው የተባለውን ያህል ፌሮ አለው። ፌሮው ያለው ግን መሆን በሌለበት ቦታ ነው። የዚህ በረንዳ መሰንጠቅ የሚጀምረው ሰው ከገባበት በኋላ ነው።

ይህን ያስተማሩኝ አንድ ጎልማሳ ፎርማን ናቸው። አርማታ ከመሞላቱ በፊት ጎንበስ ብለው ፌሮውን በእጃቸው ጨብጠው ወዘወዙት። ከዚያ ቀና ብለው «ኢንጂነር፣ ዛሬ ዓይንሽን ከእግራቸው ላይ እንዳታነሺ» አሉኝ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር የነገረኝ መምህር አልነበረም። ቢሮ ሆኜ ፌሮ በኪሎ ብቆጥር ኖሮ ዛሬም አላውቀውም ነበር።

እኚሁ ፎርማን መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ድሮዊንጉን የዘረጉት ለሾፌራችን ነበር። ሾፌሩ ደንግጦ ወደ እኔ ጠቆመ። እሳቸውም ድሮዊንጉን ወደ እኔ አዞሩት፤ ንግግራቸው ግን ከሾፌሩ ጋር ቀጠለ። እንዲህ ሆኖ ሳምንታት አለፈ። ይህን የለወጠው የአንድ ኮለን (የቋሚ ምሰሶ) ስታፋ ነው፤ ስታፋ ማለት ዋናዎቹን ብረቶች ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀጭን ብረት ነው። ኮለኑና ቢሙ (አግዳሚው ምሰሶ) የሚገናኙበት ቦታ ላይ ስታፋ አልታሰረም። ፌሮ ሠራተኛው ቦታው ጠባብ ነው፣ እጅ አያስገባም ብሎ ዘሎታል። ብዙ ሳይት የሚዘለለውም እዚሁ ጋ ነው። አርማታ እንዳይሞላ አልኩ። ሚክሰሩ ተነሥቷል፣ ሲሚንቶው ወርዷል፣ የቀን ሠራተኛው ቆሟል። «እህቴ፣ ይሄ ምንም አይል» ተባልኩ። ድሮዊንጉን ከፍቼ ቆጠርኩ። ፎርማኑም ቆጠሩ። ዝም ብለው ትንሽ ቆዩና ፌሮ ሠራተኛውን ጠሩት። ስታፋው ገባ። ከዚያ ወዲህ ድሮዊንግ የሚዘረጋው ለእኔ ነው።

ያ መገጣጠሚያ ሕንፃው ሲወዛወዝ ከሁሉ በላይ የሚጨነቅ ቦታ ነው። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ፎቅ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ በሌሊት ልብሱ ደረጃ ሲወርድ እኔ ያሰብኩት እነዚያን ስታፋዎች ነበር። ይህን የምነግራችሁ ጎበዝ ነኝ ለማለት አይደለም። ማንኛውም ጠንቃቃ መሐንዲስ ያደርገዋል። የሚያደርገው ግን እዚያ ከቆመ ነው። አብሮኝ የነበረ ወንድ ባልደረባ ለመከበር ሳምንታት አልፈጀበትም፤ ገና ከመኪና ሲወርድ ነው «ኢንጂነር» የተባለው። እኔም ጊዜው ስለተሰጠኝ አገኘሁት። ሳይት ካልላካችኋት ግን ይህን ጊዜ ከየት ታመጣዋለች?

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። የሙያ ፈቃድ ደረጃችንን ልናሳድግ ስንሄድ የምንጠየቀው የሥራ ልምድ ነው። ጨረታ ስትገቡም ሰነዱ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው፤ ፕሮጀክት ማናጀሩ በተመሳሳይ ሥራ ላይ ስንት ዓመት ሠርቷል? ሳይት ኢንጂነሩስ? ቢሮ የቆየችው ልጅ ሲቪ እዚያ ውስጥ አይገባም። ባለማወቋ አይደለም። የክፍያ ሰርተፍኬት አሳምራ ትሠራለች፤ ከድሮዊንግ ላይ መጠን ለማውጣት የሚተካከላት የለም። ሥራ ልምዷ ላይ ግን «ኦፊስ ኢንጂነር» ይላል። ስለዚህ ሲቪው የሚገባው የልጁ ነው። ጨረታውን ስታሸንፉ ፕሮጀክቱን የሚይዘው እሱ ነው። የሚቀጥለው ጨረታ ሲመጣ ደግሞ ልምዱ ጨምሮ ይጠብቃል። እሷ እዚያው ወንበሯ ላይ ናት። ከዚያ አንድ ቀን ስብሰባ ላይ «ለፕሮጀክት ማናጀርነት የሚሆን ሴት አጣን» ትላላችሁ። ውሸት አይደለም፤ እውነትም የለችም። እንዳትኖር ያደረጋት ግን ያ የመጀመሪያው ሳምንት ምደባ ነው።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚባለው ተረት በአፍ ከጠፋ ቆይቷል። አሁን ስብሰባ ላይ የሚለው ሰው ቢገኝ ሁሉም ይቆጣዋል። በአሠራር ግን አለ። ክፍያውን ሌሊት ተቀምጣ የምትሠራው እሷ ናት። አሠሪው መሥሪያ ቤት ፊት ቀርቦ የሚያስረዳው እሱ ነው፤ የሚፈርመውም እሱ ነው።

አንድ ነገር በጣም ያሳዝነኛል፤ እሱን ሳልናገር አላልፍም። «ሳይት ለሴት ይከብዳል» የሚባለው ሴት በሞላበት ሳይት ላይ ቆሞ ነው። እስቲ አዲስ አበባ ውስጥ በመሠራት ላይ ያለ አንድ ሕንፃ ሄዳችሁ ተመልከቱ። አሸዋ የሚያቀብሉት እነማን ናቸው? ውሃ በጀሪካን ሦስተኛ ፎቅ የሚያወጡት? ባሬላ ለሁለት ይዘው የባሕር ዛፉን መወጣጫ የሚወጡት? ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጠምጥመው፣ ኮንጎ ጫማ አድርገው፣ አንዳንዷም ልጇን የብሎኬት ክምር ጥላ ሥር አስቀምጣ። ሄልሜት የላቸውም። እኩል ተሸክመው ከወንዱ ያነሰ የሚከፈልባቸው ሳይቶች አይቻለሁ። ለእነሱ ፀሐዩ ይከብዳቸዋል ያለ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። ሴት ስትሸከም ሳይቱ ቀላል ነው። ፎርማን ማዘዝ ስትጀምር ድንገት ይከብዳል።

እነዚህ እናቶችና እህቶች ዓመታት ሳይት ላይ ሲቆዩ ፌሮ ማሰር፣ ግንብ መገንባት፣ ካሳፎርማ (አርማታው የሚሞላበትን እንጨት) መምታት የሚያስተምራቸው ያለበት ቦታ ጥቂት ነው። ከጎናቸው በጉልበት ሥራ የጀመረ ወጣት በዓመት ውስጥ የአናጢ ረዳት ይሆናል፤ ከዚያም አናጢ። እነሱ እዚያው ባሬላ ላይ ናቸው። ለእኔ የእነሱና የቢሮዋ መሐንዲስ ጉዳይ አንድ ነው። ሁለቱም ከጀመሩበት ፈቀቅ እንዳይሉ ተደርገዋል። አንዷ ታዝኖላት፣ ሌላዋ ጭራሽ ሳትታይ።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። ለንደን ውስጥ የዋተርሉ ድልድይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሲሠራ ወንዱ ዘምቶ ስለነበር ከሠራተኛው መካከል ብዙ ሴቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1945 ሲመረቅ የተመሰገኑት ድልድዩን የሠሩት ወንዶች ነበሩ። የሴቶቹ ድካም በይፋ እስኪመዘገብ ድረስ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። የእኛዎቹስ መቼ ይመዘገቡ ይሆን?

ወደ ቅጥር ልመለስ። «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» የሚል ማስታወቂያ አይቼ የሄድኩበት ቃለ መጠይቅ ነበር። ስለ አፈር ምርመራ፣ ስለ ፕሮግራም አወጣጥ እጠየቃለሁ ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ባለትዳር ነሽ?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «በቅርብ የመውለድ ሐሳብ አለሽ?» ሦስተኛው «ባልሽ ክፍለ ሀገር መውጣትሽን ይፈቅዳል?» ከእኔ ቀጥሎ የገባውን ልጅ ስጠይቀው የተጠየቀው ስለ አስፋልት ውፍረት ነው። ይህን የምታደርጉ ሰዎች የአገሪቱን ሕግ ሳታውቁ ቀርታችሁ አይመስለኝም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በሥራ ዕድገትና በክፍያ እኩል መብት እንዳላቸው ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በጾታ ምክንያት አድልዎ እንዳይደረግ ይከለክላል። እንግዲህ ማስታወቂያ ላይ «ሳይት ኢንጂነር፤ ጾታ፦ ወንድ» ብሎ መጻፍ ምን ይባላል?

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ሕጉን ራሱን ትጠቅሱብናላችሁ። «ሴትን ሌሊት ማሠራት ክልክል ነው፤ አርማታ ደግሞ ሌሊት ድረስ ይሞላል» ትላላችሁ። አዋጁ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ የሚከለክለው ነፍሰ ጡር የሆነችን ሠራተኛ ነው። ያ ደግሞ ትክክል ነው። እኔ ነፍሰ ጡር አይደለሁም። እንድሠራ ከተፈለገ የሌሊት መኪና ይመደብልኝ እንጂ ሥራው አይወሰድብኝ። ወንዱም ቢሆን ከእኩለ ሌሊት በኋላ በእግሩ መሄድ የለበትም።

«በድጋፍ ነው የገባችሁት» የሚለውንም ጨምሬ ልመልስ፤ በየሳይቱ የሚከተለን ነገር ነውና። እውነት ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ የሴቶች መግቢያ ነጥብ ዝቅ ይል ነበር። ያ የሆነበትን ምክንያት ታውቁታላችሁ። የገጠሯ ልጅ ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ታናናሾቿን አብልታ ነው ፈተና የተቀመጠችው። ከገባን በኋላ ግን የስትራክቸር ፈተና ለሴት ተብሎ አልቀለለም። የሃይድሮሊክስ መምህራችን የሴት ወረቀት ለብቻ አላረሙም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ ለሁሉም አንድ ፈተና ነው። የተመረቀች ልጅ ተመርቃለች። ከዚያ በኋላ ስለ መግቢያ ነጥቧ የሚነሣበት ቦታ የለም።

እንዲያውም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጎዳን ሌላ ነው። ለሰርቬይንግ (የመሬት ልኬት) ልምምድ ሜዳ ስንወጣ በቡድን ነበር። መሣሪያ አንድ ነው፤ ተማሪው ብዙ። ወንዶቹ መሣሪያውን ይከባሉ። ለእኔ መዝገቡ ይሰጠኛል። «ጽሕፈትሽ ያምራል፣ አንቺ መዝግቢ።» ጽሕፈቴ እውነትም ያምራል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ንባቡን ሁሉ የመዘገብኩት እኔ ነኝ፤ መሣሪያውን ያቆሙትና ያስተካከሉት እነሱ ናቸው። ማንም ክፉ አላሰበም። በኋላ ሳይት ላይ ቶታል ስቴሽን የሚባለውን የልኬት መሣሪያ ማቆም ሲመጣ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። ሰርቬየራችን ምሳ ሰዓት ላይ እየጠበቀ ባያስተምረኝ ኖሮ «ይኸው ሴት ስለሆነች አልቻለችም» ይባል ነበር። መምህራን ይህን ካነበባችሁ፣ ቡድኑ ውስጥ ሥራውን ራሳችሁ አዟዙሩት። ተማሪው በራሱ አያዟዙረውም።

አሁን ብዙ ሰው ሊጽፈው የሚያፍርበትን ልጻፍ። ሽንት ቤት። የሠራሁባቸው አብዛኞቹ ሳይቶች ለሴት የሚሆን ሽንት ቤት የላቸውም። ያለው በቆርቆሮ የተከለለ አንድ ጉድጓድ ነው፤ በሩ አይዘጋም፤ ወረፋው የወንድ ነው። ስለዚህ ጠዋት ውሃ ሳልጠጣ እወጣለሁ። በሙቀት ቀን፣ ሶሌታ (የፎቁ የአርማታ ወለል) ላይ ቆሜ እየዋልኩ። ሲብስ አቅራቢያ ያለ ካፌ እገባለሁ፤ ሽንት ቤቱን ለመጠቀም ማኪያቶ አዛለሁ። የወር አበባዬ በመጣ ቀን ምን እንደማደርግ ሴቶቹ ታውቁታላችሁ። በዚህ ምክንያት ኩላሊታቸውን የታመሙ ባልደረቦች አሉኝ። በዚሁ ምክንያት ሳይት ትተው የወጡም አሉ። ሲወጡ «ሳይቱ ከበዳቸው» ተብሎ ተወራ። የከበዳቸው ፀሐዩም ሥራውም አልነበረም።

ጫማውም እንዲሁ ነው። እግሬ 37 ነው። የሚሰጠኝ ሴፍቲ ጫማ 41 ነው፤ ሌላ አልተገዛም። ሰፊ ጫማ አድርጎ መወጣጫ መውጣት አደጋ መሆኑን የሴፍቲ ባለሙያ አያጣውም። ክፍለ ሀገር የመንገድ ፕሮጀክት ላይ ደግሞ «ካምፑ ላይ የሴት ክፍል የለም» ይባላል። ክፍል አለመኖሩ ለሴቷ መቅሪያ ምክንያት ይሆናል እንጂ ክፍል መሥሪያ ምክንያት አይሆንም። ከተማ የምንገነባ ሰዎች አንድ ክፍል መሥራት አቅቶን አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አሠሪ መሥሪያ ቤቶችና አማካሪዎች ልብ በሉልኝ። የዚህ መፍትሔ በእናንተ እጅ ነው። ሁላችንም እንደምናውቀው ቢኦኪው (የሥራዎችና የዋጋ ዝርዝሩ) ላይ የሌለ ሥራ አይሠራም። ተቋራጩ ያልተከፈለበትን ነገር እንዲሠራ መለመን አያዋጣም። የጨረታ ሰነድ ስታዘጋጁ የሳይት ቢሮ፣ ስቶርና አጥር የምትዘረዝሩበት ገጽ አለ። እዚያው ላይ የሚቆለፍ የሴቶች ሽንት ቤት ከውሃ ጋር፣ የሴቶች ልብስ መቀየሪያ፣ ካምፕ ካለ የሴቶች ማደሪያ፣ በየቁጥሩ የደኅንነት ጫማና ልብስ ብላችሁ አስገቡ። ተቋራጩ ዋጋ ይሞላበታል። ሲሠራ ይለካል፤ ሲለካ ይከፈላል። ካልሠራ ክፍያው ላይ አይገባለትም። ከፕሮጀክቱ ጠቅላላ ዋጋ አንጻር የሚታይ ገንዘብ አይደለም። የቀን ሠራተኛዋም አብራ ትጠቀማለች።

ስለ ትንኮሳም አንድ ቃል። «ሠራተኛው አፉ አያርፍም» ስትሉን እውነታችሁን ነው። ይሳደባል፣ ይለክፋል፤ አንዳንዴ የሚለክፈው ሠራተኛው ሳይሆን አለቃው ነው። ግን መፍትሔያችሁን ተመልከቱት። ለካፊውን ሳይት ላይ ትታችሁ የተለከፈችውን ቢሮ አስገባችሁ። እሱ ሥራው ላይ ቀጠለ፤ እሷ ሙያዋን ከፈለች። ወሲባዊ ትንኮሳ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን የተከለከለ ነው። በየሳይቱ አቤቱታ የሚቀበል፣ ከሳይቱ አለቃ በላይ የሆነ አንድ ሰው ስሙና ስልኩ ተለጥፎ ይታወቅ። አንድ ሰው በዚህ ምክንያት ከሥራ ከተሰናበተ ሳይቱ በሙሉ ይሰማል። ደጋግሞ መሰብሰብ አያስፈልግም።

ሴትን ማብቃት በዚህ አገር ይቻላል ወይ ለምትሉ የኢትዮጵያ አየር መንገድን ላንሣ። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆኑ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ አንድ በረራ በሴቶች ብቻ ተከናወነ። አብራሪዎቹም የበረራ አስተናጋጆቹም ሴቶች ነበሩ፤ ምድር ላይ በረራውን ያሰናዱትም እንዲሁ። ካፒቴንነት የሚመጣው በበረራ ሰዓት ነው። ረዳት አብራሪዋ ከካፒቴኑ ጎን ተቀምጣ፣ በዝናብም በጭጋግም አርፋ፣ ተነሥታ ሰዓቷን ታከማቻለች። «ሰማዩ ይከብድሻል» ተብላ ቲኬት ቢሮ ብትመደብ ካፒቴን አትሆንም ነበር። እኛም የምንጠይቀው ይህንኑ ሰዓት ነው። የእኛ ሰዓት የሚቆጠረው ጭቃ ላይ ነው።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ካቢኔው ግማሹ ሴት ሲሆን የመከላከያ ሚኒስትርነቱ ለኢንጂነር አይሻ መሐመድ ተሰጠ። ከእኛው ሙያ የወጡ ሴት ናቸው። ያን ቀን እናቴ ስልክ ደውላ «አየሽ?» አለችኝ። ደስ አለኝ። በማግስቱ ሳይት ስደርስ አንድ ዕቃ አቅራቢ «ኢንጂነሩን ጥሪልኝ» አለኝ። ላይ የሚሆነው ነገር መልካም ነው፤ እኔ የምለምናችሁ ግን ስለ ታችኛው ነው። ሚኒስትር ለሹመት የሚያቀርበው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ሳይት ኢንጂነር የምትመድቡት እናንተ ናችሁ።

ወንድ ባልደረቦቼ ይህን ደብዳቤ በእነሱ ላይ የተጻፈ አድርገው እንዳያዩት እፈልጋለሁ። ቶታል ስቴሽን ያስተማረኝ ወንድ ነው። «ኢንጂነሯ እሷ ናት፣ እሷን ጠይቅ» ብሎ ስልኩን ወደ እኔ ያዞረ ባልደረባ ነበረኝ፤ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ በመናገሩ ብቻ አንድ ሳይት በሙሉ ተቀየረልኝ። ሌሎቻችሁም ልታደርጉት ትችላላችሁ። ስብሰባ ላይ እሷ የሠራችውን እሷ ታስረዳ በሉ። አቅራቢው ወደ እናንተ ሲዞር ወደ እሷ አዙሩት።

እንዲሁ ሳይት ወርውራችሁ ተዉን እያልኩም አይደለም። አዲስ ተመራቂ ወንድም ብቻውን ሲጣል ይጠፋል። ሁለቱንም ቢያንስ የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት ሳይት ላኳቸው፤ ልምድ ካለው መሐንዲስ ሥር አድርጉ። መሠረት ሲቆፈር፣ ኮለን ሲቆም፣ ሶሌታ ሲሞላ፣ ፊኒሺንግ ሲገባ ይዩ። ከዚያ ቢሮ መሥራት የመረጠች ትምረጥ። ቢሮም ክቡር ሥራ ነው፤ ሳይት ያየ ሰው ሲሠራው ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል። ልጅ የወለደች መሐንዲስ ከ4 ወር ፈቃዷ ስትመለስ ፕሮጀክቷን እዚያው ታግኘው፤ ለሌላ ተሰጥቶ አይጠብቃት። ሥራ ልምድ ስትጽፉላትም የሠራችውን በትክክል ጻፉ። አርማታ ያስሞላችን ልጅ «ኦፊስ ኢንጂነር» ብላችሁ አትሸኟት።

ሐምሌ ሲገባ አዲስ በጀት ይለቀቃል፤ ተመራቂዎችም ዶሴያቸውን ይዘው በየደጃችሁ ይመጣሉ። የቅጥር ማስታወቂያችሁን ከማውጣታችሁ በፊት «ጾታ» የሚለውን መስመር አጥፉት። ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ባል የሚጠይቅ ካለ ከጎኑ የተቀመጣችሁ አስቁሙት። ለአሠሪ መሥሪያ ቤቶችና ለአማካሪዎች ደግሞ፣ ጨረታ ሰነድ ውስጥ የሚገባውን የሴቶች አገልግሎት ዝርዝር ከነመለኪያው አዘጋጅተን ለመስጠት እኔና አብረውኝ የሚሠሩ መሐንዲሶች ፈቃደኞች ነን። ክፍያ አንጠይቅም። ለሚቀጥለው ጨረታችሁ ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ሲቪል መሐንዲስ
አዲስ አበባ